ተሽሎኛል ባዩ ጋሽ አምባው

የትኛውም ከተማ ሂዱ፣ የትኛውም የጸሎት ቤት ግቡ፣ አንድ ሰው አታጡም። ሰባኪው «ዛሬ ጌታን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሡ» ሲል እጁ ከሁሉ ቀድሞ ጣሪያ ሊነካ የሚደርስ ሰው። ባለፈው እሑድ ተቀብሏል። አምናም ተቀብሏል። ለፋሲካ ተቀብሎ ለዳግም ትንሣኤ ደግሞታል። እናንተ ጎን ለጎን እየተያያችሁ ትስቃላችሁ፤ እሱ ግን እንባው በጉንጩ እየወረደ ነው። አሁን «አዎ፣ አዎ፣ የእኛም ሰፈር አለ» እያላችሁ ይሆናል። ይኑር። የእኛው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። የእኛው የቆቦው ጋሽ አምባው ነበሩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከደሴ ተመድቤ ቆቦ የማስተምር፣ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ የማላውቀው ነገር የሌለ የሚመስለኝ መምህር ነበርኩ። ያኔ «ጴንጤ» መባል ስለሚያሳስር የጸሎት ቤት የሚባል ነገር አልነበረንም። የነበረን የእትዬ ከፈለች ሳሎን ነው። እትዬ ከፈለች ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲንጀሩን ወደ ጥግ ይገፉና ቤቱ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ይሆናል። ቀበሌው ራሱ ነው የፈቀደው። ውሸትም አልነበረም፤ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊደል እናስቆጥራለን። ከዚያ ፊደሉ ሰሌዳው ላይ እንዳለ በሩ ገርበብ ይልና ወንጌል ይወጣል። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ነበርን።

የማስተምረው ደሴ ሳለሁ በእጄ ከገለበጥኩት ደብተር ነው። ስድስት ትምህርት አለው። አንደኛው «የደኅንነት እርግጠኝነት»፣ ሁለተኛው «መንፈሳዊ እድገት» እያለ ይቀጥላል። እኔም ደንብ አወጣሁለት፤ አንደኛውን ያላለፈ ሁለተኛውን አይነካም። ማለፊያዋ አንዲት ጥያቄ ናት። «ድነሃል?» ሲባል «ድኛለሁ» ያለ አለፈ፣ በቃ። ይህን በአፉ ያልመሰከረ ሰው፣ በዓመት አንዴ ከደሴ የሚመጡት ሽማግሌ ወደ ጥምቀቱ ውኃ አያስገቡትም። እኔማ የዳንኩበትን ቀን ተዉትና ሰዓቱን ሁሉ አውቃለሁ፤ የካቲት አሥራ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ቢጠይቁኝም ባይጠይቁኝም እናገረው ነበር።

ወደ ክቡር ጋሽ አምባው እንመለስ። ሥራቸው የወባ ርጭት ነበር። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ ያልገቡበት ጎጆ የለም። ፓምፑን አዝለው፣ ጫማቸው በዲዲቲ ነጭ ሆኖ፣ ገና ከሩቁ «ዕቃ አውጡ! ልጅ አውጡ! ዶሮ አውጡ!» እያሉ ይመጣሉ። ሲጨርሱ በሩ ላይ በኖራ ቀኑን ይጽፋሉ። ቁጥር ያውቃሉ፤ መሠረተ ትምህርት የገቡት ፊደሉን ፈልገው ነው።

«ኧረ ጋሽ አምባው፣ ያለፈው ርጭት ትኋኑን አነቃብን እኮ!» ትላቸዋለች የእትዬ ከፈለች ጎረቤት አሚና።

«ትኋኑን ተይው፣ ትኋን ሰው አልገደለም። እንቅልፍ ነው የነሣሽ፤ ወባ ብትሆን ነፍስሽን ነበር» ብለው ይገቡና ጥግ ጥጉን ይጀምራሉ። መሐል ግድግዳ ላይ ጊዜ አያጠፉም። ወባ ጥግ ነው የምትቀመጠው ባይ ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ሰው «ድኛለሁ» የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሳምንት ሙሉ ተንቀጥቅጦ፣ ኪኒኑን ውጦ፣ ላቡን አውጥቶ፣ ሁለት የማሽላ እንጀራ ጥርግ አድርጎ በልቶ ከተነሣ በኋላ «ዳንክ ወይ?» ብትሉት፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «ተሽሎኛል» ነው የሚላችሁ። ምክንያቱም ድኛለሁ ካለ ወባ ትሰማዋለች። ሰምታ ደግሞ ዝም አትልም፤ በሦስተኛው ቀን መጥታ ትጥለዋለች። አሚና «አልሐምዱሊላህ» ብላ ታልፋለች። ጋሽ አምባው «ተሽሎኛል» ይላሉ። ድኛለሁ የሚለው ከደጋ የመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ክረምት እስኪያልፍ።

እኔ ከደጋ የመጣሁት ይህን የት አውቄ! የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴን ጨርሼ፣ ጥቅሱን አብራርቼ፣ ላቤን ጠርጌ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ አምባው፣ ድነዋል?»

«ተሽሎኛል፣ መምህር።»

«ተሽሎኛል አይባልም።»

«ታዲያ ምን ይባላል?»

«ድኛለሁ ይባላል።»

«በስማም! ኧረ ቀስ ይበሉ መምህር! እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብለው አይናገሩት!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንደኛውን ትምህርት ደገምኩት። በሚቀጥለውም። ሌሎቹ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው ሲያልፉ ጋሽ አምባው አንደኛው ላይ ቀሩ። ከትምህርት በኋላ ለጸሎት ስንነሣና «ሕይወቱን ለጌታ መስጠት የሚፈልግ» ስል ያቺ ዲዲቲ ያነጣት እጅ ብድግ ትላለች። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሽ አምባው፣ ባለፈው ሳምንት ሰጥተው የለም እንዴ?»

«ሰጥቻለሁ። ግን መምህር፣ ዲዲቲው እንኳ ግድግዳ ላይ የሚቆየው ስድስት ወር ነው። ድጋሚ ርጭት ከሌለ ትመለሳለች።»

«የክርስቶስ ደም ዲዲቲ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ጎረቤት ይሰማል!» አሉ እትዬ ከፈለች፣ ለማስመሰል ሲንጀራቸውን እያንኳኩ።

ኑዛዜያቸውስ! ሌላው ሰው «በአሳብ በሥራ በድያለሁ» ብሎ በጅምላ ያልፋል። እሳቸው ልባቸውንም እንደ ሰው ቤት ጥግ ጥጉን ነው የሚያዩት። ዋጃ አንዲት ሴት ወተት ሰጥታቸው ስለጠጡ ቤቷን ሁለት ጊዜ መርጨታቸውን ተናዝዘዋል፤ አድልዎ ነው ብለው። አብሯቸው የሚረጨውን አራጌን በሆዳቸው «ምቀኛ» ስላሉት፣ ሰውየውን ምንም ሳያውቅ ከገበያ ጎትተው አምጥተው ይቅርታ ጠይቀውታል። አራጌ እስከ ዛሬ ምን እንደተደረገበት አልገባውም።

የድመቷን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ጎብዬ አካባቢ አንዲት አሲያ የምትባል ባልቴት «ድመቴ ትሞትብኛለች» ብላ አላስገባም ስትላቸው «ምንም አትሆንም» ብለው ምለው ይረጫሉ። ድመቷ ሞተች። የሚሞቱ ድመቶች እንዳሉ እያወቁ ነበር የማሉላት። ቅዳሜ ክፍል አልመጡም። ለካ አንድ ግልገል ድመት ኮታቸው ውስጥ ከትተው፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ቆቦ ተነሥተው በእግራቸው ጎብዬ ሄደዋል። «ዋሽቼሽ ነው፣ አፉ በይኝ» ብለው ለአሲያ ሰጥተው፣ ማታ ፊታቸው ተቧጭሮ ተመለሱ። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? «ትምህርት አመለጥዎት» አልኳቸው። እድገት የሚለው ሁለተኛው ትምህርት ላይ ስለሆነ ለእሳቸው ገና ነው ብዬ ነዋ!

እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጠመቅ። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ሲወጣና ጎሊና ወንዝ ጥሩ ውኃ ሲይዝ ሽማግሌው ከደሴ ይመጣሉ። መጀመሪያው ዓመት ላይ «ወንድም አምባው፣ ድነዋል?» አሏቸው። «ትንሽ ተሽሎኛል» አሉ። ሁለተኛው ዓመት «ተሽሎኛል» አሉ። ሦስተኛው ዓመት «እጅግ በጣም ተሽሎኛል» ሲሉ ሽማግሌው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ዞር አሉ። እኔ በተማሪዬ አፍሬ መግቢያ አጣሁ። ሌሎቹ ሲጠመቁ ጋሽ አምባው ዳር ቆመው የሁሉንም ልብስና ጫማ ያዙ።

ስንመለስ አጠገቤ እየሄዱ «መምህር፣ እኔ መቼ ይሆን?» አሉኝ። «ሰው ሳይጠመቅ ቢሞት ይቀበለው ይሆን? ወባ እንደሁ ቀን ቀጥሮ አይመጣም።»

«ቃሉን ይናገሩና ይጠመቃሉ» አልኳቸው። «አንድ ቃል እኮ ነው!»

«እሱን ማለት እኮ ነው የቸገረኝ» አሉ። እውነትም ተጨንቀው ነበር። እኔ ግን አበሳጭተውኝ ስለነበር አላየሁላቸውም።

በአራተኛው ዓመት ሰኔ ላይ ነገራችን ለቀበሌ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ጓድ ካሳ ይባላል፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ከላይ «ስንት ያዝክ?» እያሉ ያስጨንቁታል። አንድ ሰው መጥቶ ትልቅ ምሥጢር ይነግረዋል። ጴንጤዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት የይለፍ ቃል አላቸው፤ አንዱ «ድነሃል?» ይላል፣ ሌላው «ድኛለሁ» ይላል። ጓድ ካሳ በዚህ ግኝቱ ደስታውን አልቻለውም። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ አንዳችንንም አዳራሽ አስጠራን።

አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች። «እያንዳንድሽ ትጠየቂያለሽ» አለ ጓድ ካሳ፤ ሲቆጣ ሁሉንም ሰው አንቺ ማለት ይወዳል። «የዳነ በዚህ በኩል ወደ እስር ቤት፣ ያልዳነ በዚያ በኩል ወደ ቤቱ።»

መምህር ስለሆንኩ መጀመሪያ የቆምኩት እኔ ነኝ።

«መምህር፣ ድነሃል?»

የካቲት አሥራ አራት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ይህን ለማለት አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሳሰለጥን ኖሬያለሁ። ጓድ ካሳን አየሁት፣ የአብዮት ጠባቂውን ጠመንጃ አየሁ፣ ደሴ ያለችው እናቴ ፊቴ ድቅን አለች።

«ተሽሎኛል» አልኩ።

ጓድ ካሳ ቀና አለ። «ምን አሞህ ነበር?»

«ወባ።»

«አይ፣ አይዞህ! ኪኒኑን እንዳታቋርጥ» ብሎ ስሜ አጠገብ «ወባ» ብሎ ጻፈ።

ተማሪ መምህሩን ነው የሚከተለው። ሁለተኛውም ወባ፣ ሦስተኛዋም ወባ። እትዬ ከፈለች ተራቸው ሲደርስ «እኔስ ወገቤን ነው፣ እሱም ቢሆን አልለቀቀኝም» አሉ። ዘጠነኛው ሰው ሲደርስ ጓድ ካሳ እርሳሱን ጥሎ «ይቺ ቀበሌ በወባ ልታልቅ ነው እንዴ!» አለ። እኔ ከበሩ አጠገብ ሆኜ ወለሉን እያየሁ ነበር።

የቀሩት ጋሽ አምባው ናቸው። ከርጭት ነው የተጠሩት፤ ጫማቸው ነጭ እንደሆነ ከኋላችን ቆመው ሁሉን ሲሰሙ ቆይተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ለእሳቸው አልሰጋሁም፣ እግዜር ያሳያችሁ። ከሁላችንም እውነት ተናግረው ቤታቸው የሚገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የለመዱትን ቃል ማለት ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቅባቸዋል?

ጓድ ካሳም ቤቱን ስለሚረጩለት ይወዳቸዋል። «ጋሽ አምባው፣ ይቺን ወባ እንግዲህ ምን እናድርጋት?» ብሎ ሳቀ። «በል እስቲ ለወጉ ልጠይቅህ። ድነሃል?»

ጋሽ አምባው አፋቸውን ከፈቱ። «ተ» አሉ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ «ተ» ብለዋል። ከዚያ ቆሙ። ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ እንደገና ወደ ጓድ ካሳ ዞሩ።

«ድኛለሁ» አሉ።

ጓድ ካሳ ደንግጦ ሊረዳቸው ሞከረ። «ከወባ ነው አይደል? ከወባ ማለትህ ነው።»

«ከወባስ አልዳንኩም፣ ጓድ። ወባዋማ አለች፣ እዚሁ ናት» አሉ ሆዳቸውን እየነኩ። «ድኛለሁ ያልኩህ ሌላውን ነው። ጌታ አድኖኛል።»

«ኧረ ሰውዬ፣ ምነው!» አለ ጓድ ካሳ። ያዘነ ይመስለኛል። ግን አሥር ሰው ሰምቷል፤ ወሰዷቸው።

ሃያ ሦስት ቀን ቆዩ። ያስፈታቻቸውም ወባ ናት። የክረምቱ ርጭት ደረሰ፤ እስከ ዋጃ ድረስ ያለውን ጎጆ በየስሙ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም፤ ጓድ ካሳ ራሱ ልጁ ታመመችበትና «ልቀቁት፣ ይሥራ» አለ። በጥቅምት ሽማግሌው ሲመጡ ምንም አልጠየቋቸውም። ጎሊና ላይ ልብሳቸውንና ያቺን ነጭ ጫማቸውን ይዤ ዳር የቆምኩት እኔ ነኝ።

ለእናንተ ማጫወት የፈለግኩት ግን በታሰሩ በሦስተኛው ቀን የሆነውን ነው። እትዬ ከፈለች ምሳ ቋጥረው «አንተ ውሰድለት» አሉኝ። እግሬ እየተጎተተ ሄድኩ። ጠባቂው እንጀራውን ገልብጦ አየና አስገባኝ። ግቢው ውስጥ ግራር ሥር ተቀምጠው ከአንድ እስረኛ ጋር ስለ ትኋን ያወራሉ።

«መምህር!» ብለው ብድግ አሉ። «ታመው ነበር እንዴ? ተሽሎኛል ሲሉ ሰማሁ እኮ።»

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም፤ ከልባቸው ነው። ወባ ይዞኝ ሳይጠይቁኝ ቀርተው እንደሆነ ተጨንቀዋል።

«አልታመምኩም» አልኳቸው። «ፈርቼ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጴጥሮስን ይጠቅሱብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠቀሱም። ለዚህ ብቻ እንኳ ስወዳቸው እኖራለሁ።

«እርስዎስ?» አልኳቸው። «አራት ዓመት እምቢ ያሉትን ቃል ያን ቀን ምን አስወጣዎት?»

«እኔማ እንደ ልማዴ ልል ነበር» አሉ። «ግን ከእርስዎ አፍ ሰማሁት፤ ከዚያ ከሁሉም አፍ። ሲወጣ የፍርሃት ቃል ነው፣ መምህር። እኔም ስለው የኖርኩት ፈርቼ ነው ለካ። ወባን ፈርቼ፣ ጌታን ግማሽ አድርጎ እንደሚያድን ሳማው ኖርኩ። አሳዘነኝ። እሱ ሙሉ አድርጎ ሠርቶ ሳለ!»

እንጀራውን ከፍተው ለእስረኛው ቆርሰው ሰጡ፤ ለእኔም ቆረሱልኝ።

«ቅዳሜ ትምህርት አለ አይደል?» አሉኝ።

«ምን ትምህርት አለ፣ ጋሽ አምባው! ከእንግዲህ በየትኛው አፌ ነው የማስተምረው?»

«እንዴ! እርስዎ እኔን አራት ዓመት ጠብቀውኛል። ሁሉ ሲያልፍ እኔ ስቀር አንድ ቀን ‹ውጡ ከዚህ› አላሉኝም። አሁን እርስዎን መጠበቅ ሊያቅተን ነው?»

የጠበቅኳቸው እያማረርኩ ነበር። እያሾፍኩ፣ ለሽማግሌው እያማሁ፣ ቤቴ ገብቼ ለብቻዬ እየሳቅኩ። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ደግነት ነው ያሉት። አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ እዚያው ጠባቂው ፊት አለቀስኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ማንም አይመጣም ብዬ ነበር፤ ዘጠኙም ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ደብተሩን ሳልከፍት «እኔ ያን ቀን ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አልኳቸው።

እትዬ ከፈለች ከሲንጀራቸው ላይ ዓይናቸውን አነሡ።

«እኛስ?» አሉ።

ያን ቀን ትምህርቱን የጀመርነው ከዚህ ነው።